የጋራ የደህንነት ክትትልና የሎግ አያያዝ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ፕሮፖዛል (የዕቅድ ውይይት፣ ሀዋሳ)

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ጉዳይ እዚህ ይቀጥል በተባለው መሠረት ከፍቼዋለሁ። ሐሳቡ ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ ኮሌጁና የመድኃኒት አከፋፋዮች ተባብረን የኮምፒውተሮቻችንን ደህንነት የሚከታተል ሥርዓት እንትከል የሚል ነው። ጉባኤው ረጅም ጽሑፍ አያነብም፤ ከሁለት ገጽ አይለፍ። የትኛው ሶፍትዌር፣ የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ወጪውን እንዴት እንካፈል፤ እነዚህ ከተመለሱ ይበቃል። እናንተ ጻፉ፣ እኔ ረቂቁን እያስተካከልኩ እሄዳለሁ።

ሆቴል፣ ሐይቅ ዳር፣ አይቲ

ከሶፍትዌሩ በፊት እኛ ዘንድ የሆነውን ልናገር። ፕሮፖዛሉ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

የተጠቃው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ያለበት የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ነው። ኔትወርኩን የዘረጋልን ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ እንዲያግዘን ሪሞት ዴስክቶፑን በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት ከፍቶት ነበር፤ መግቢያ በሩ ፖርት 3389 ነው። አንድ ቀን ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛችን «የማላውቀው ዩዘር መጥቶብኛል» ብላ ጠራችኝ። እውነትም መግቢያው ላይ እኛ ያልፈጠርነው ስም ተቀምጧል። የሴኩሪቲ ሎጉን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ማን መቼ እንደገባ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች ኮድ 4625 ነው፤ ያልተሳካ የመግቢያ ሙከራ። በአንድ ሰከንድ ሁለት ሦስቴ፣ ስም እየቀያየረ ይሞክራል። ዩዘሩ መቼ እንደተፈጠረ የሚናገረውን 4720 ፈለግኩ፣ የለም። ከየትኛው አድራሻ እንደገቡ የሚያሳየውን የመጀመሪያውን 4624፣ የተሳካ መግቢያ፣ ፈለግኩ፣ እሱም የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የዚያ ኮምፒውተር የሴኩሪቲ ሎግ 20 ሜጋባይት ላይ ነበር የተገደበው፤ ዊንዶውስ ሲጫን አብሮት የሚመጣው ልክ ነው። ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል። የሙከራው ብዛት ራሱ ማስረጃውን ገፍቶ አስወጥቶታል። የቀረን የጥቂት ሰዓት ታሪክ ብቻ ነበር። ባለቤቱ «ምን ወሰዱ?» ብለው ሲጠይቁኝ ወሰዱም አልወሰዱም ማለት አልቻልኩም።

አንቲቫይረስ ነበረን፣ ራውተሩ ላይ ፋየርዎልም ነበረን። ሎጉን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥልን ግን አልነበረም። እኔ ከዚህ ፕሮፖዛል የምፈልገው አንደኛው ነገር እሱ ነው።

የግል ክሊኒክ

አይዞህ ወንድሜ። ይህ ታሪክ ስም ሳይጠቀስ በረቂቁ መግቢያ ላይ ይግባ።

በእኛ በኩል አንድ ጥያቄ አለኝ። የታካሚ መረጃ አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ለብቻው ጥብቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዳታ ሆኗል። ሎግ ስንል ምን ያህሉ ከግቢያችን ይወጣል?

መድኃኒት አከፋፋይ

እኔ የቴክኒክ ሰው አይደለሁም። ለዚህ ሥራ ስፕለንክ የሚባል ታዋቂ ሶፍትዌር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ገንዘብ አዋጥተን እሱን ብንገዛ ነገሩ አያልቅም?

ኮሌጅ፣ ኔትወርክ አስተዳዳሪ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ረቂቁ ውስጥም ሊገባ ይችላል።

ስፕለንክ በእርግጥ ጠንካራ ነው። ፍለጋው ላይ የሚደርስበት ጥቂት ነው። ከፈረንጆቹ 2003 ጀምሮ ያለ ነው፤ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በ28 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት ግዢው የተጠናቀቀው በፈረንጆቹ 2024 ነው። ችግሩ አከፋፈሉ ነው። በብዛት የሚሰላው በቀን በሚገባው የዳታ መጠን ነው። አንድ ፋየርዎል እያንዳንዱን ኮኔክሽን እንዲመዘግብ ካደረጋችሁት መጠኑ ወዲያው ያሻቅባል። ሰው ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ሲል ሎግ መቁረጥ ይጀምራል፣ ከዚያ የሚፈለገው ቀን ላይ የተቆረጠው ነው የሚያስፈልገው። ነፃው ስሪት በቀን 500 ሜጋባይት ይቀበላል፣ ግን ማንቂያ የለውም፣ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የመግባት ሥርዓትም የለውም። ለክትትል የምንፈልገው ነገር ማንቂያ ከሌለው አይሆነንም።

የማይክሮሶፍት ሴንቲኔል ክላውድ ላይ ነው። ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኦፊስ 365 ለሚጠቀም ድርጅት የኦፊሱን የኦዲት ሎግ ሳያስከፍል ያስገባል። ሌላው ግን በጊጋባይት፣ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ በብር ስንት እንደሚሆን ለጉባኤው ቃል መግባት አንችልም። በዚያ ላይ መስመር ሲቋረጥ ክትትሉም አብሮ ይቋረጣል።

ከነፃዎቹ ግሬይሎግና ዋዙ ናቸው ለእኛ የሚቀርቡት። ግሬይሎግ ሎግ ለመሰብሰብና ለመፈለግ ምቹ ነው። ከሚክሮቲክ ራውተር፣ ከስዊች፣ ከፋየርዎል የሚመጣውን በሲስሎግ (መሣሪያዎች ሎግ በሚልኩበት የተለመደ መንገድ) ይቀበልና አሳምሮ ያስቀምጣል። ከጀርባው ሞንጎዲቢና ኦፕንሰርች የሚባሉ የዳታ ማስቀመጫ ሶፍትዌሮች ይፈልጋል። ጥቃትን ለመለየት የተዘጋጁት ሕጎቹ ግን በአብዛኛው በሚከፈልበት በኩል ናቸው፤ ነፃውን የያዘ ሰው ብዙውን ራሱ ይጽፋል።

ዋዙ የተነሳው በፈረንጆቹ 2015 ነው፣ ኦሴክ ከሚባል የቆየ ፕሮጀክት ተገንጥሎ። የላይሰንስ ክፍያ የለውም። በየኮምፒውተሩ ትንሽ ኤጀንት ይጫናል፤ ኤጀንቱ የዊንዶውሱን ሎግ ወዲያው ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሆቴሉ ላይ የሆነው ዓይነት ተደጋጋሚ ሙከራ፣ አዲስ ዩዘር መፈጠር፣ የፋይል መለወጥ፣ ያልታደሰ ሶፍትዌር፤ ለእነዚህ ሕጎቹ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። እስከ 25 ኮምፒውተር ላለው ድርጅት 4 ኮር፣ 8 ጊጋባይት ራምና ለ90 ቀን ማስቀመጫ 50 ጊጋባይት ይበቃል ይላል የራሱ መመሪያ። ይህን የሚያሟላ ማሽን ብዙዎቻችን ቢሮ ውስጥ አለ።

ጉድለቱንም ልናገር። ዋዙ ሲጫን የሚያስቀምጠው ማንቂያ የሆነውን ብቻ ነው። ሕግ ያልነካው ጥሬ ሎግ እንዲቀመጥ አርካይቩን ራሳችን ማብራት አለብን፣ ያኔ ዲስኩ በፍጥነት ይሞላል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁሉም ተቀምጦልኛል ብሎ ይተኛል። የሚክሮቲክን ሎግ በደንብ እንዲያነብልንም ዲኮደር (ሎጉን የሚተረጉምለት ሕግ) መጻፍ ሊኖርብን ይችላል።

የእኔ ምርጫ ዋዙ ነው።

ሆቴል፣ ሐይቅ ዳር፣ አይቲ

እኔም ዋዙ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ይመስላል ግን ያደናግራል፤ ሰዓት። ጥሬው ሎግ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ይጻፋል፣ ዳሽቦርዱ (ማንቂያው የሚታይበት ገጽ) በኮምፒውተራችን ሰዓት ያሳያል፣ እኛ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እናወራለን። ጥሬው ሎግ 23:14 ካለ እኛ ጋ 02:14 ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ ጥበቃውን «ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ተረኛ ነው የሚወቅሰው። የካሜራው መቅጃ (ዲቪአር) ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሁሉም መሣሪያ ከአንድ የኤንቲፒ ሰርቨር ሰዓት ይውሰድ፣ በሪፖርት ላይም ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ተመዝግቧል። ሶፍትዌሩ ላይ ተቃውሞ ከሌለ ወደ ቀጣዩ እንለፍ፦ አንድ የጋራ ሰርቨር ወይስ ለየራስ?

ሆቴል፣ ፒያሳ፣ ሥራ አስኪያጅ

አንድ የጋራ ከሆነ እኛ አንገባም። በቅንነት ነው የምናገረው። ሐይቅ ዳር ካሉት ወንድሞቼ ጋር የምንሻማው አንድ ዓይነት እንግዳ ነው። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ማን መቼ እንደሠራ ሌላ ሆቴል እንዲያይ አልፈልግም። እነሱም የኔን እንዳያዩ እንደሚፈልጉት ማለት ነው።

የግል ክሊኒክ

እኔም ያው ነው ያልኩት።

ኮሌጅ፣ ኔትወርክ አስተዳዳሪ

ልክ ናችሁ። በአንድ ሰርቨር ላይ በቡድን ከፋፍሎ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሁሉንም ያያል፤ ሰርቨሩ ከተጠለፈም የሁላችንም አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሎጉ በየግቢው ይቅር፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መሰብሰቡ አይቆምም። በጋራ የምናደርገው የአጫጫን መመሪያውን፣ ሕጎቹን፣ ባለሙያውንና ጥቃት የመጣባቸውን የአይፒ አድራሻዎች ዝርዝር ነው። አንድ ሆቴል ላይ ሲሞክር የታየ አድራሻ በዚያው ቀን ሌሎቻችን ጋ ይዘጋል። ለዚህ የማንም እንግዳ ወይም ታካሚ ስም አያስፈልግም።

መድኃኒት አከፋፋይ

እኔ ያለኝ ሦስት ኮምፒውተር ነው። ለሦስት ኮምፒውተር ሰርቨር ልተክል ነው?

ኮሌጅ፣ ኔትወርክ አስተዳዳሪ

አይደለም። ከአምስት በታች ላላቸው አንድ ማሽን ማኅበሩ ቢሮ እናስቀምጥ፤ የፈቀደ በጽሑፍ ተስማምቶ ይግባ፣ የየራሱን ብቻ እንዲያይ ይከፈል። መግባት የማይፈልግ ቢያንስ የዊንዶውሱን ሎግ መጠን ወደ 1 ጊጋባይት ያሳድግ። ምንም ወጪ የለውም፣ ኢቨንት ቪወር ውስጥ የሚስተካከል ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ከተመታ አያድንም፤ እንደ ሆቴሉ ያለ ነገር ሲመጣ ግን ታሪኩ ቶሎ አይጠፋም።

የግል ክሊኒክ

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ። ማን ነው የሚያየው? ባለፉት ዓመታት ስንት ነገር ተተክሎ ቀርቷል። ካሜራ ተክለን የሚያየው ሰው የለም። ባካፕ ተደርጎ መመለሱን የሞከረ የለም። ዋዙም ተጭኖ ዳሽቦርዱን የሚከፍተው ሰው ከጠፋ ድካማችን ከንቱ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ስንል ጉባኤው «ወጪ የለውም» ብሎ እንዳይሰማ። ወጪው ሰው ነው። ይህ በረቂቁ ላይ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ፣ ወደ ኋላ አይገፋ።

ሆቴል፣ ሐይቅ ዳር፣ አይቲ

ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ባለሙያ በማኅበሩ ደመወዝ ይቀጠር። ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ሊያግዙት ይችላሉ፤ የማንንም ሎግ ግን ለብቻቸው አይክፈቱ። ባለሙያው በየጠዋቱ ከ3 ሰዓት በፊት የሁሉንም አባል ማንቂያ ያይና በአንድ መስመር ይጽፍልናል። ምንም ከሌለም «ምንም የለም» ብሎ ይጻፍ። ዝም ካለ አይቶ ይሁን ሳያይ ስለማናውቅ።

ወደ ስልክ የሚላከው ደግሞ ጥቂት ይሁን። ሁሉም ነገር ከተላከ በሁለተኛው ሳምንት ሰው ቻናሉን ሚዩት ያደርገዋል። ለጊዜው አዲስ አስተዳዳሪ ዩዘር ሲፈጠር፣ ሎግ ሲደመሰስ (ያ 1102 ነው)፣ ከብዙ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ አንድ የተሳካ መግቢያ ሲኖር፤ ከዚህ አይለፍ። ቴሌግራም ላይ ይላክ፣ ሁላችንም እዚያው ነን። ዋዙ ለቴሌግራም የተዘጋጀ ማገናኛ ስለሌለው ትንሽ ስክሪፕት እንጽፋለን። መልእክቱ ውስጥ የድርጅቱ መለያ ቁጥርና የክስተቱ ዓይነት ብቻ፤ የሰው ስም አይግባ።

ሆቴል፣ ፒያሳ፣ ሥራ አስኪያጅ

ኮምፒውተር ከክትትል ሲጠፋስ? ሌባ ኤጀንቱን ቢያጠፋው አናውቅም ማለት ነው።

ኮሌጅ፣ ኔትወርክ አስተዳዳሪ

ጋሼ፣ ዋዙ እሱንም ማንቂያ አድርጎ ይልካል። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የአንድ ሰፈር ኮምፒውተር ሁሉ «ጠፋ» እያለ ይጮኻል፤ ባለሙያው እውነተኛውን መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ የመጥፋት ማንቂያ በዩፒኤስ ላይ ላሉ ሰርቨሮችና ለሒሳብ ኮምፒውተሮች ብቻ ይሁን። የሌላው በጠዋቱ ሪፖርት ይታያል።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ። ዋዙ አጥቂ ያለውን አድራሻ ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አናብራው። የራሳችንን ቅርንጫፍ ወይም የራሳችንን ሠራተኛ ሊዘጋብን ይችላል፤ ያኔ ባለቤቶች «ይነቀል» ይላሉ፣ ሥራው እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ የተለመደው ምን እንደሚመስል እንወቅ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እስካሁን ያለውን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ እዩት፦

«ማኅበሩ ለአባላቱ ዋዙን መሠረት ያደረገ የደህንነት ክትትል ይጀምራል። ዋናው ወጪ የባለሙያ ደመወዝ ነው። ሎግ ከአባሉ ግቢ አይወጣም፤ ከአምስት ኮምፒውተር በታች ያላቸው አባላት በጽሑፍ ከተስማሙ በማኅበሩ ቢሮ ማሽን ይጠቀማሉ። ሎግ ቢያንስ ለ90 ቀን ይቀመጣል። ባለሙያው የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈርማል፤ የአንድን አባል ጉዳይ ለሌላው አይናገርም። መዋጮው በኮምፒውተር ቁጥር ይሰላል።»

መድኃኒት አከፋፋይ

በኮምፒውተር ቁጥር መሆኑ ፍትሐዊ ነው። ግን ባለሙያው ለእኔም 40 ኮምፒውተር ላለውም ጠዋት አንዴ ነው የሚከፍተው። ትንሽ መነሻ ክፍያ ለሁላችንም እኩል ይሁንና የቀረው በቁጥር ይሁን። እኔ ከፍዬ ብገባ ደስ ይለኛል፤ ያለዚያ ጥገኛ እሆናለሁ።

ሆቴል፣ ፒያሳ፣ ሥራ አስኪያጅ

እንዲህ ከሆነ እኛም አለንበት። 90 ቀኑ ግን ለእኛ ያንሳል። የሒሳብ ምርመራ ሲመጣ ከዚያ ወደ ኋላ ነው የሚጠየቀው። የሒሳብ ኮምፒውተሮቹ ጥሬ ሎግ ለአንድ ዓመት ይቀመጥ፣ ሌላው 90 ቀን ይብቃው።

ኮሌጅ፣ ኔትወርክ አስተዳዳሪ

ይቻላል። የቆየው ተጨምቆ በውጭ ዲስክ ይቀመጥ፤ ዲስኩ ከኔትወርኩ ይነቀል። ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) አብሮ ይቆልፈዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁለቱም ተስተካክለው ገብተዋል። እስከ አርብ እያንዳንዳችሁ የኮምፒውተር፣ የሰርቨርና የራውተር ብዛት ላኩልኝ፤ መዋጮውን ያለዚያ ማስላት አልችልም። አንድ ነገር ግን ጉባኤውን አይጠብቅም፦ 3389 ለኢንተርኔት ክፍት የሆነ ራውተር ያለው አባል ዛሬውኑ ያዘጋ። እንዴት እንደሚታይ የማታውቁ ኮሌጁ ጋ ደውሉ፣ ወንድማችን ለማየት ፈቃደኛ ነው።

መድኃኒት አከፋፋይ

የኛ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ራውተር ነው፣ ሰርቨር የለም። ራውተሩን ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።