ክርክር፦ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እልፍኝ ውስጥ የውጭ እንግዳ ይጋበዝ ወይስ አይጋበዝ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እሑድ ልጆቼን ይዤ ቤተ መንግሥቱን ጎብኝተን ስንወጣ ከኋላችን የነበሩ ሁለት ሰዎች «ይህን የመሰለ ቤት ለጉብኝት ብቻ መዋሉ ያሳዝናል፤ የውጭ መሪ ሲመጣ ራት መብላት ያለበት እዚህ ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ አልስማማም፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ስለከረመ ወደ እናንተ አመጣሁት።

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ቤቱ የተሠራው ለጃንሆይ ዘውድ 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የቀድሞ ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው መኖሪያቸውን ወደዚህ አዞሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተጭነው የወጡትም ከዚሁ ግቢ ነው። ኋላ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተባለ። በፈረንሳይ ርዳታ ታድሶ ታኅሣሥ 2017 ላይ ፕሬዚዳንት ማክሮን በተገኙበት ተመረቀ።

ስድስት ኪሎ ሙዚየም (ያው ገነተ ልዑል) የጃንሆይ መኝታ ክፍል ውስጥ የጥይት ቀዳዳ ያለበት መስታወት አለ። አይታችሁት ይሆናል። አንድ ትጉ የግቢ ሹም «እንግዳ ይመጣል፣ ነውር ነው» ብሎ በአዲስ ቀይሮት ቢሆን ኖሮ ልጆቼን ምን አሳያቸው ነበር? እንግዳ የሚገባበት ቤት ሁልጊዜ ይስተካከላል፣ ይቀባል፣ ይለወጣል። የኔ ፍርሃት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የግብዣ አዳራሽ አላነሰም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ መደምደሚያሽ ላይ ግን አልደርስም። አምና አምስተርዳም ሄጄ ዳም አደባባይ ያለውን ቤተ መንግሥት ልጎበኝ ብል በሩ ተዘግቷል፤ የውጭ መሪ ስለሚመጣ ነው አሉኝ። በማግስቱ ገባሁ። ቤቱ መጀመሪያ የከተማ ምክር ቤት ነበር፤ በ1808 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የናፖሊዮን ወንድም ቤተ መንግሥት አደረገውና ዕቃውን አስገባ። ያ ዕቃ ዛሬም እዚያው ነው። ንጉሡ እንግዳ ይቀበሉበታል፣ ሕዝቡም ይጎበኘዋል። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ አልጠፋም።

እኛስ ብንሆን? እንግዳ የማይረግጠው ሳሎን የሞተ ሳሎን ነው። ቤተ መንግሥት የተሠራው ለመቀበል ነው፤ ግብሩን ስትነሺው ግማሽ ታሪኩን ነሣሽው።

ባለ ሶፋ፦
እኔ የማውቀው ወንበር ነው፤ ስለ ወንበር ልናገር። ሥራዬ ከጀመርኩ 22 ዓመቴ ነው። የጥንት ወንበር ሲፈታ ከጨርቁ ሥር የምታገኙት ስፖንጅ አይደለም። በገመድ የተጠፈረ ሞላ፣ ከላዩ የፈረስ ጋማ፣ ከዚያ ስስ አቡጀዲ ነው። ገመዱ 60 ዓመት ሲሞላው እንደ ደረቅ ሣር ይሰባበራል። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ግን ሞላው ይዘላል፣ ጨርቁን ከውስጥ ይበሳዋል። ሐር ደግሞ ፀሐይ ከመታው በኋላ ጣታችሁን ብታሳርፉበት ይሰነጠቃል።

አንድ ትልቅ ቤት (ስሙን አልጠራም) አሮጌ ወንበሮች አድስልን ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ሄጄ ሳይ ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ሞላውንም ጋማውንም ጥሎ ስፖንጅ ሞልቶበታል፤ የወንበሩ ቁመት በአራት ጣት ጨምሯል። ባለቤቶቹ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ይመቻል አሉ። እኔ ጋማው የተጣለበትን ጆንያ ከጓሮ ፈልጌ አጣሁት፤ ያን ቀን እንባዬ መጣ። ስለዚህ ግብዣ ይደረግ አይደረግ ከማለታችሁ በፊት ወንበሩን ማን ይነካዋል የሚለውን መልሱልኝ።

የታሪክ መምህር፦
የባለ ሶፋን ጥያቄ ሕጉ በከፊል ይመልሰዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገንና እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። ችግሩ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለ ወንበር «ቅርስ» ነው ወይስ «የቢሮ ዕቃ» የሚለውን መጀመሪያ የሚወስነው መዝጋቢው መሆኑ ነው።

ዋሽንግተን ጥግ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው ወንድሜ፣ አጠገብህ ያለውን ምሳሌ ለምን ዘለልከው? ጃክሊን ኬኔዲ ኋይት ሐውስን ሲያድሱ በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕግ ወጣ። ታሪካዊ ነው የተባለ ዕቃ የቤቱ ንብረት ሆነ፤ ካልተገለገሉበት ስሚዝሶኒያን የተባለው የሙዚየም ተቋም ይረከበዋል እንጂ መጪው ባለሥልጣን አይሸጠውም፣ አይጥለውም። እዚያ ራት ይበላል፣ ዕቃውም አለ። የሚጠብቀው ባዶነቱ አይደለም፤ ሕጉና መዝገቡ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ትክክል ነህ መምህር፤ ለኔም ነጥብ ጨመርክልኝ። ጃንሆይ በመስከረም 1956 ኬኔዲን ሲጎበኙ የገቡት እዚያው ቤት ነው። ሚስስ ኬኔዲ ሕፃን ልጃቸውን ቀብረው ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር፤ ሆኖም ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ከጃንሆይ ጎን የቆሙት ደግሞ የልጅ ልጃቸው ልዕልት ሂሩት ደስታ ነበሩ። እቴጌ መነን ካረፉ ዓመት ተኩል አልፎ ነበርና።

የግቢ ልጅ፦
ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አባቴ ግቢ አሳላፊ ነበር። የምትሉትን ሐር እኛ ቤት ማንም አይቶት አያውቅም፤ የአባቴን ነጭ ጓንት ግን አውቀዋለሁ። የእንግሊዟ ንግሥት በ1957 የመጡ ጊዜ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ በየሌሊቱ ሁለት ጥንድ ጓንት ታጥብ ነበር። በከሰል ካውያ ስትተኩስ አመድ እንዳይነካው ከላይ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። አንድ ሌሊት አውራ ጣቱ ላይ የቡና ጠብታ ቀርታ በሎሚና በጨው ስታሽ አደረች፤ እኔ ኩራዝ ይዤላት ነበር። አባቴ ሲመለስ እግሩ አብጦ ጫማው አይወልቅም። ስለ ምግቡ አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። የሚነግረን ስንት ሰዓት እንደቆመ ነው።

እና እኔም ባለፈው ሄጄ ጎበኘሁ፤ የልጅ ልጄ ይዛኝ ሄደች። ዕቃው አምሮበታል፣ እግዜር ይስጣቸው። ስለ አሳላፊዎቹ ግን እኔ ያየሁት ጽሑፍ የለም። ዓይኔ ደክሞ አልፎኝም ከሆነ ይቅርታ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እማማ፣ ይህን ስላካፈሉን እግዚአብሔር ያክብርልን። ጓንቱ ዛሬ አለ?

የግቢ ልጅ፦
አንድ ጥንድ አለ። ከሞተ በኋላ ከሣጥኑ አገኘነው። አውራ ጣቱ ላይ ያቺ ቡና አሁንም ትታያለች፤ ብጫ ሆናለች።

የታሪክ መምህር፦
እማማ የነገሩን ነገር ክርክሩን ቦታው ላይ መለሰው። የእንግዳ አቀባበል ግዴታ ነበር፤ ከላይም ከታችም። በ1946 ጃንሆይ አሜሪካ ሲሄዱ ልዑል ሣህለ ሥላሴና ልዕልት ሰብለ ደስታ አብረው ነበሩ። አባታቸውን ራስ ደስታን ፋሺስት በ1929 የገደለባቸው፣ ያደጉት በስደት የሆነ ልጆች ናቸው እነ ልዕልት ሰብለና ልዕልት ሂሩት፤ በሰው አገር አደባባይ ፈገግ ብለው አገር ወክለው ቆሙ። ከ1967 በኋላ እነዚሁ ሴቶች ከእናታቸው ከልዕልት ተናኘወርቅ ጋር 14 ዓመት ታሰሩ። መሳፍንቱን የሚወድም የማይወድም ይህን ሳያውቅ ሳሎኑን ቢያይ ያየው ጨርቅ ብቻ ነው።

በዚያው በ1957 ጉብኝት ንግሥት ኤልሳቤጥ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም መልሰዋል። የመንግሥት ጉብኝት ራት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ከመቅደላ የተዘረፈ ነገር የሚመለስበት በር ነው።

አንድ ነገር ግን ልቃወም። ቤቱ «እንደ ድሮው» ይጠበቅ ስንል የትኛው ድሮ? የ1948? የ1966? ከዚያ ወዲህ በቤቱ ያለፉት መሪዎችና ፕሬዚዳንቶችስ? ገነተ ልዑል በር ላይ ጣሊያን ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን በየዓመቱ አንድ እርከን እያለ የሠራው ደረጃ አለ። አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ምንም ሳይጠፋ ይደረብ።

አዲስ ገቢ ከሐዋሳ፦
ይቅርታ፣ እኔ ግን ከሁላችሁም እለያለሁ። ዕቃው ከአውሮፓ የተገዛ፣ ስልቱም የእነሱ ነው። የፈረንሳይ መሪ መጥቶ የፈረንሳይ ስልት ያለው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ስለ እኛ ምን ይማራል? የዶርዜ ሸማ፣ የሐረር ስፌት፣ የጅማ በርጩማ እያለን።

ባለ ሶፋ፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ እንግዳ መቀበያ ስትሠራ በጅማ በርጩማ ሥራው፣ እኔም አግዝሃለሁ። ያለውን ነቅለህ ግን አይደለም። ያ ወንበር ጃንሆይ በዚያ ጊዜ ለዓለም እንዴት ሊታዩ እንደፈለጉ ይናገራል፤ ይህም የእኛ ታሪክ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። አቋሜን በከፊል ለውጫለሁ፤ ሁሉንም አይደለም። ግብዣ ጨርሶ አይደረግ ያልኩትን አነሣለሁ፤ የአምስተርዳሙና የኋይት ሐውሱ ነገር አሳምኖኛል። የማልቀበለው እልፍኙንና መኝታ ቤቱን ነው፤ እነሱ ይዘጉ። አዳራሹ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ካልቀደመ አይሆንም፦ ዕቃው አንድ በአንድ በፎቶ ይመዝገብ፣ ያለ ባለሙያ ማንም ምስማር አይምታበት፣ የአሳላፊዎቹና የወጥ ቤቶቹ ስም ግድግዳው ላይ ይጻፍ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
መኝታ ቤቱ ላይ እስማማለሁ። እልፍኙ ላይ አልስማማም፤ በዓመት አንድ ምሽት ቢበዛ አይጎዳም።

ባለ ሶፋ፦
አንድ ምሽት ከሆነ ምንጣፉ ይጠቀለል፣ ሻማ አይለኮስ፣ የሚቀመጡበት ወንበር ቅጂ ይሁን። ከዋናው ልኬት ወስጄ ዋንዛ እንጨት፣ ሞላውን በገመድ ጠፍሬ እሠራለሁ። አንዱ ወንበር ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ቅጂው ላይ ከሆነ እልፍኙንም አስብበታለሁ። እማማ፣ ጓንቱን ፎቶ እንዳነሣው ቢፈቅዱልኝ ቅዳሜ ልምጣ?

የግቢ ልጅ፦
ነይ ልጄ። እጅሽን ታጥበሽ ነው የምትነኪው።