ከአሜሪካ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ ሀዋሳ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የታቦር ልጅ

ሰላም ናችሁ። አጎቴ ዋሽንግተን ከ30 አመት በላይ ኖሮ አምና ጠቅልሎ ሀዋሳ ገባ። እቃው ሲደርስ ከሁሉ በፊት ያስፈታን ሻንጣ የመሰለች አሮጌ የሸክላ ማጫወቻና ወደ 40 የሚጠጉ ሸክላዎች ነው፣ ዘፋኙ ናት ኪንግ ኮል አለ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ጆርጅ ሺሪንግ አለ፣ ማርቲን ዴኒ የሚባል መሀሉ ላይ ወፍ የሚጮህበት ሙዚቃም አለ። አይኑ በጣም ስለደከመ ቲቪ ማየት ትቷል፣ አሁን የቀረችው ደስታ ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እነዚህን መስማት ናት። 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት፣ ይሰራል፣ ግን ቀስ ይላል፣ የናት ኪንግ ኮል ድምጽ ወፍሮ እንቅልፍ የያዘው ሰው ይመስላል። አጎቴ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሰማ "ይሄ እሱ አይደለም፣ አጥፊው" አለኝ፣ ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝ። አንድ ቴክኒሻን ጋ ወስጄው ውስጥ ያለችው ጎማ አርጅታለች ብሎ አጽድቶ ብር ተቀበለኝ፣ ምንም ለውጥ የለም። ስልክ ላይ በብሉቱዝ ከፈትኩለት፣ መርፌው ሲያርፍ ያለው ድምጽ ይናፍቀኛል አለ። እባካችሁ የገባው ሰው ካለ።

መልስ፦ ሶስት ፌዝ

እህቴ ጎማዋን ለጊዜው እርሺያት፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ፣ አይቀይርም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው የአሜሪካ ደግሞ 60፣ የድሮ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ከኸርዙ ነው። ስለዚህ 33 ከሲሶ ዙር በደቂቃ መዞር የነበረበት 28 ገደማ ነው የሚዞረው፣ 20 ደቂቃ የሚፈጀው ገጽ 24 ይፈጃል፣ ድምጹም አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ይወርዳል። ለማረጋገጥ ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት አድርጊና በስልክሽ ሰአት ይዘሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪው። 33 አካባቢ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ፣ 28 አካባቢ ከሆነ አበቃ። ሞተሩ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈውንም አንብቢ፣ 60 ብቻ የሚል ከሆነ ለአሜሪካ ብቻ የተሰራ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ፣ የ60 ኸርዝ ሞተር 50 ላይ ሲሰራ የበለጠ ከረንት ስለሚስብ ይሞቃል። ግማሽ ሰአት ካጫወትሽ በኋላ ንቀይውና እጅሽን አስጠግተሽ እይው።

መልስ፦ ባለባጃጅ

እኔ ምለው ታዲያ ትልቁን ሸክላ 45 በሚለው ፍጥነት ላይ አድርጋ ብታጫውተው አይፈጥንላትም?

መልስ፦ ሶስት ፌዝ

ይፈጥናል ወንድሜ ግን ያልፈዋል። 45ቱ እዚህ 37 ተኩል ነው የሚሆነው፣ ያ ደግሞ ከትክክለኛው ከመቶ 12 ተኩል ያህል ይበልጣል፣ ዘፋኙ ልጅ ይሆናል።

መልስ፦ የታቦር ልጅ

ቆጠርኩት!! ሶስት ጊዜ፣ ሶስቱንም 28 ነው የመጣው። ከታች ደግሞ 117 ቮልት 60 ሳይክል ይላል፣ ሳይክል ያው ኸርዝ ነው አሉ። ታዲያ አሁን ምን ይሻላል፣ ይቀየራል ይሄ ነገር?

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

ይቀየራል። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ስታነሺ ከሞተሩ የምትወጣ ደረጃ ደረጃ ያላት ዘንግ አለች፣ ወፍራሟ ደረጃ ለ78፣ ቀጥሎ ለ45፣ ቀጥሎ ለ33። ሳህኑን የምታዞረውን ጎማ የምትነካው እሷ ናት፣ እሷ ሲሶም ሩብም ሳይሆን በአንድ አምስተኛ ብትወፍር ፍጥነቱ ልክ ይመጣል። ማለት ውፍረቷ 5 ሚሊ ከሆነ 6 ትሆናለች። ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው በካሊፐር ለክቶ ከነሀስ ቀለበት ሰርቶ ያለብሳታል፣ ግን እጁ ንጹህ የሆነ ሰው ይሁን፣ ትንሽ ከመሀል ከወጣች ድምጹ እየሄደ እየመጣ ይዋኛል፣ ረዘም ያለ የፒያኖ ድምጽ ላይ ወዲያው ይሰማል። ፕላስተር ጠቅልይበት የሚልሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚው፣ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠውና ጎማዋን ያበላሽብሻል።

መልስ፦ አዳማ ፖስታ

ሰላም ከአዳማ፣ እኔም ጋ ይሄው ነገር ደርሶብኛል የባለቤቴ አባት እቃ ነበር፣ ቶርኖ ሳልነካ ነው የፈታሁት፣ የጋሼን እቃ እንዳለ ማቆየት ከፈለግሽ ይሄን ስሚ። 12 ቮልት ባትሪ ላይ የሚሰካ የአሜሪካ ኢንቨርተር ግዢ፣ እሱ ራሱ 110 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው የሚያወጣው፣ ሞተሩ አገሩ የገባ ይመስለዋል። እዚህ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ 220 በ50 ስለሆኑ ሰው ከአሜሪካ ሲመጣ ማስመጣት ነው የሚሻለው፣ ካርቶኑ ላይ ፒዩር ሳይን (እንደ ቤት መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) መሆኑን ሳታዪ እንዳትቀበይ፣ ሞዲፋይድ የሚሉት ርካሹ በስፒከሩ እንደ ንብ ይጮሀል። 300 ዋት በቂ ነው። የሶላር ባትሪ ካላችሁ ደግሞ መብራት ሲሄድም ሙዚቃው አይቋረጥም፣ እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ ነው እንዲያውም በደንብ የምንሰማው ጎረቤቱ ሁሉ ጸጥ ስለሚል። ትራንስፎርመሩን አብረሽ እንዳትሰኪ ብቻ።

መልስ፦ ሰሊና

መርፌውን ማንም አላነሳም። እንደዚህ አይነት የሻንጣ ማጫወቻ ክንዱ ከባድ ነው፣ መርፌው ካለቀ ሸክላውን ያርሰዋል። መጀመሪያ መርፌ ቀይሪ፣ ሲዘል ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ሳንቲም አትጫኚ እንደድሮው። የአማርኛ ትንንሽ ሸክላዎች ካላችሁ፣ የአምሀ ሪከርድስ ምናምን፣ በዚህ ማጫወቻ ደጋግመሽ አታጫውቻቸው፣ አምሀ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በፈረንጆቹ ነው ያሳተማቸው፣ ዛሬ ተመልሰው አይገኙም። ሀይቁ አጠገብ ከሆነ ቤታችሁ እርጥበቱም አለ፣ አቁመሽ ደርድሪያቸው፣ ፌስታል ውስጥ አታፍኛቸው፣ ሻጋታ ካለ በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ክቡን ተከትለሽ ጥረጊ። 78 የሚባሉት ወፍራምና ተሰባሪዎቹ ካሉ አልኮል እንዳይነካቸው፣ ያሟሟቸዋል።

መልስ፦ ጋሽ ቫይብ

ልጄ፣ ጋሼ "ይሄ እሱ አይደለም" ማለታቸው ልክ ናቸው፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አጥፊው ነበር የምልሽ። ሺሪንግን አስቢው፣ በፈረንጆቹ 1949 ያቋቋመው ኩዊንቴት፣ የአምስት ሰው ባንድ ማለት ነው፣ ፒያኖው ቫይብራፎኑና ጊታሩ አንድ ላይ አንድ ዜማ ይዘው እንደ አንድ ሰው ነው የሚሄዱት። ቫይብራፎን ደግሞ ከብረት ጣውላዎቹ ስር ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክዳኖች አሉት፣ ሲከፈቱ ሲዘጉ ነው ድምጹ የሚርገበገበው፣ ሸክላው ሲዘገይ ያ መርገብገብ አብሮ ይዘገያል፣ ውበቱ ያለው ደግሞ እዛ ላይ ነበር። ሺሪንግ ሲወለድ ጀምሮ ማየት የተሳነው ሰው መሆኑን ጋሼ ሳያውቁት አይቀሩም፣ አጫውቺያቸው ስለሱ፣ ከናት ኪንግ ኮል ጋር አብረው የሰሩት ሸክላም በ1962 ወጥቷል፣ ከ40ዎቹ ውስጥ ይኖር ይሆናል ፈልጊው።

የወፉ ጩኸት ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፣ ማርቲን ዴኒ ሆኖሉሉ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ሲጫወት አጠገቡ ኩሬ ነበር፣ ባንዱ ሲጫወት እንቁራሪቶቹ ይጮሀሉ ሲያቆም ዝም ይላሉ፣ የባንዱ ልጆችም ለጨዋታ ብለው የወፍ ድምጽ ጨመሩበት፣ በማግስቱ ሰው ያንን ወፍ ያለበትን አምጡልን አለ። በ1957 ሸክላ ሆኖ ወጣ። እናንተ በረንዳ ላይ በማታ ከሀይቁ በኩል እንቁራሪት ከተሰማ ጋሼ የትኛው ከሸክላው እንደሆነ መለየት ሊያቅታቸው ነው፣ ታድለዋል!

ከዛ በኋላ ሙላቱ አስታጥቄን አስከትይ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ በኢትዮጵያን ኩዊንቴት ስም ያወጣቸውን ሁለቱን ሸክላዎች ስሚ፣ የላቲን ምት ላይ የእኛን ቅኝት ያስቀመጠበት ነው፣ ቫይብራፎኑ ያው ነው ግን የሚናገረው በእኛ ቋንቋ ነው። ለእኔ ከሁሉም እሱ ይበልጥብኛል፣ ከሺሪንግ ቀጥሎ ሲሰማ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይታይሻል።

መልስ፦ የታቦር ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ ለበአል ሲመጣ ኢንቨርተሩንና መርፌውን ይዞልኝ መጣ፣ ፒዩር ሳይን ነው፣ የሶላሩ ባትሪ ላይ ሰካሁት። ወረቀቷን አድርጌ ቆጠርኩ፣ 33 ሞልቶ ትንሽ አለፍ ሲል ደቂቃው አለቀ። አጎቴን አልነገርኩትም፣ ዝም ብዬ የሺሪንግን አስቀመጥኩ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድም ቃል ሳይተነፍስ እስከመጨረሻው ሰማ፣ መርፌው መሀል ደርሶ ሽ ሽ ሲል "ገልብጪው" አለኝ። አሁን ደግሞ የሙላቱን ሸክላ በየት በኩል እንደማገኝ የሚያውቅ ካለ ጻፉልኝ፣ አዲስም ቢሆን እመጣለሁ።