የአባባ ተስፋዬ የድሮ ፎቶዎች፦ የትኛው የየትኛው ዘመን ነው?

መምህርት ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። የትንንሾቹ ማንበቢያ ክፍል አንዱ ግድግዳ ባዶ ነው። እዚያ ላይ የአባባ ተስፋዬ ሳህሉን ፎቶዎች ከወጣትነት እስከ እርጅና በቅደም ተከተል መስቀል ፈልጌያለሁ። ልጆቹ ተረቶቻቸውን ያውቋቸዋል፤ አንዳንዶቹ በእናት በአባታቸው ስልክ አይተዋቸዋል። ግን ለእነሱ አባባ ተስፋዬ ማለት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ በቃ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «እሳቸው ሲወለዱም ሽማግሌ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በፎቶ ላሳያት ብዬ ነው የተነሳሁት።

እስካሁን እጄ የገቡት አራት ናቸው፤ ሁሉም ቅጂ እንጂ ዋናው አይደለም። አንደኛው ወታደሮች መሀል የቆመ ቀጭን ወጣት ነው፣ ሥሩ «ኮሪያ» ይላል። ሁለተኛው መድረክ ላይ የተነሣ ነው፦ ሹሩባ የተሠራች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ የሳበች፣ ዓይኗን የተኳለች ሴት። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ተስፋዬ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ጥቁር ፀጉራቸው ገና ሙሉ ሆኖ ልጆች ከበዋቸው፣ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ፤ «1964» የሚል ጽሑፍ አለው። አራተኛው ባለቀለም ነው፣ ሸብተዋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሴትዮዋ እውነት እሳቸው ናቸው? ሦስተኛውንስ የት ዓመት ላይ ላስቀምጠው?

የቴአትር ወዳጅ

መምህርት፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ደግ ነገር ጀምረሻል። እኔ አሁን አዘዞ ነው የምኖረው፤ ወጣትነቴን ግን አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ደጃፍ ላይ ነው የጨረስሁት።

ስለ ሴትዮዋ አትጠራጠሪ ለማለት ፎቶውን በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ነገሩ ግን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴቱን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አባባ ተስፋዬ ደግሞ በዚህ ከታወቁት አንዱ ናቸው። ሲጫወቱ ሴት አይደሉም ብሎ የሚያስብ አልነበረም ይባልላቸዋል። እስቲ እጁን እዪልኝ። ፊት በተኳለ ዓይንና በሹሩባ ይለወጣል፣ አገጭና አንገት በነጠላ ይሸፈናል፣ የእጅ አንጓ ግን አይደበቅም።

ሌላ ደግሞ ጀርባው ላይ ማኅተም ካለ ጽሑፉን አንብቢው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» የሚል ከሆነ ፎቶው ከ1948 ወዲህ ነው፤ ቴአትር ቤቱ ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተብሎ የተከፈተው ያኔ ነውና። ከአብዮቱ በኋላ «ብሔራዊ ቴአትር» ስለተባለ ወደዚህም ብዙ አይመጣም።

ቀን ቆጣሪ

የሦስተኛው ፎቶ ችግር «1964» በማን አቆጣጠር ነው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው፤ ይህ በፈረንጅ 1964 ማለት ነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው በፈረንጅ ከቆጠረ ፎቶው የመጀመሪያው ዓመት ላይ የተነሣ ነው። በእኛ ከቆጠረ ሰባት ዓመት ይዘገያል። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የአባባ ተስፋዬ ፎቶዎች ብዙዎቹ በዚሁ የተነሳ ተዘበራርቀዋል፤ አንዱ ከውጭ ያመጣውን ቁጥር ሌላው «ዓ.ም» ጨምሮበት ይለጥፈዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የተወለዱት በ1915 ባሌ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን ሲጀመር እንግዲህ ገና የ42 ዓመት ጎልማሳ ናቸው። «አባባ» እያልን ያሳደግናቸው ሰው! ከዚያም 42 ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነገሩ። ስለዚህ የፀጉሩ ጥቁረት አያስገርምም፤ ለ1957ም ለ1964ም ይሆናል። ጥርጣሬ ካለ ሁለቱንም ጻፊና «ከ1957 እስከ 1964 ባለው ጊዜ» በይው። ለልጆችም ቢሆን ያልተረጋገጠን ዓመት እንደተረጋገጠ መጻፍ አልወድም።

የኮሪያውን በተመለከተ፦ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1943 ነው፣ ጦርነቱ በተኩስ አቁም የቆመው በ1945 ሐምሌ ላይ ነው። እሳቸው የሄዱት ወታደሩን ለማዝናናት ስለሆነ በፎቶው ላይ 30 ዓመት ገደማ መሆን አለባቸው። ቀጭን ወጣት ካልሽ ይገጥማል።

ፎቶ ቤት ፒያሳ

እኔ በቴአትሩም በቀን መቁጠሩም የለሁበትም፣ ሥራዬ ፎቶ ማጠብና ማተም ነው። አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ከጋዜጣ የተቀዳ ፎቶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እሱን ግድግዳ በሚያክል መጠን ካሳተምሽው ፊታቸው ወደ ወንፊት ይለወጣል። ከዋናው ፎቶ የተቀዳ ከሆነ ግን ጥቁሩ ወደ ነጩ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው፣ እሱ ያድጋል። ስለዚህ የጋዜጣውን በትንሹ፣ የፎቶውን በትልቁ አሳትሚ። ስካን ስታደርጊ ከ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) አትውረጂ።

ሁለተኛ፣ የተገለበጠ እንዳይሆን። ፊልሙ በተቃራኒ ገጹ ታትሞ ግራው ቀኝ የሆነ ፎቶ ብዙ ገጥሞኛል። ኮት ለብሰው ከሆነ የደረት ኪሱን እዪ፦ ኪሱ በለባሹ በግራ በኩል መሆን አለበት። በለባሹ በቀኝ በኩል ከሆነ ገልብጪው።

ሦስተኛ፣ እባክሽን፣ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባውን አትስቀይ። ፌስቡክ ላይ የሚዞረውን አይቻለሁ። ማሽኑ የማያውቀውን የኮት ቀለም ከራሱ ያመጣል፤ ዓይናቸውንም ያቀላዋል። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ጥቁርና ነጭ ይሁን።

ስም የለሽ

ከይቅርታ ጋር፣ የሴት ልብስ የለበሱበትን ፎቶ ልጆች ፊት መስቀሉ ተገቢ አይመስለኝም። ይስቁባቸዋል። አባባ ተስፋዬን የሚያህል ሰው ለምን መሳቂያ እናደርጋለን? ሽማግሌውን ብቻ ብትሰቅዪ ይሻላል።

መምህርት ከማራኪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስም የለሽ፣ ስጋትህ ከአክብሮት የመጣ መሆኑ ገብቶኛል፣ ግን አልስማማም።

ተረት ሲነግሩ አስታውሳቸው። ጅቡ ሲናገር ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ አሮጊቷ ስትመጣ ትከሻቸው ይጎብጣል፣ ጥንቸሏ ስትሮጥ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ትሮጣለች። ያንን ከየት አመጡት? ከመድረክ ነው። ሌላ ሰው መሆንን፣ ያውም እንደ ሴትዮዋ ከእሳቸው ፈጽሞ የራቀ ሰው መሆንን፣ ለዓመታት የሠሩበት ሙያ ነው። እኔ ልጆቹ ከሁሉ በፊት እንዲያዩት የምፈልገው ፎቶ እንዲያውም እሱ ነው። ቢስቁ ይሳቁ፤ እሳቸው ልጅን ማሳቅ ይጠሉ ነበር የሚል ካለ ያስረዳኝ። ከሳቁ በኋላ ግን «ይህን የመሰለ ተዋናይ ነበሩ» ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያም አንድ ልጅ ጅቡን፣ አንዷ አሮጊቷን ሆነው ተረቱን እንዲጫወቱት አደርጋለሁ።

የቴአትር ወዳጅ፣ እንዳሉኝ እጁን አየሁት። ነጠላውን የያዘው እጅ አንጓው ሰፊ ነው፣ ጅማቱም ጎላ ብሎ ይታያል። የወንድ እጅ ነው። ማኅተም ግን ቅጂው ላይ የለም። «ከቴአትር ዘመናቸው» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ።

ፎቶ ቤት፣ የስቱዲዮውን በኪሱ ፈትሼዋለሁ፣ ትክክለኛው ገጽ ነው። የኮሪያው ነጠብጣብ አለው፤ ትንሽ አድርጌ አሳትመዋለሁ። እሑድ ፒያሳ እመጣለሁ።

ከደባርቅ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኛ ቴሌቪዥን ያየነው ጎረቤት ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ነበር። «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እኛን በየስማችን የጠሩን ይመስለኝ ነበር፤ ጤና ይስጥልኝ ሲሉም ጮክ ብለን እንመልሳለን። የቤቱ ባለቤት እትዬ አንድም ቀን «ዝም በሉ» አላሉንም።

ባለቀለሙን ፎቶ በተመለከተ፦ ከቴሌቪዥን ስክሪን የተነሣ ከሆነ ከ1977 መባቻ በፊት ነው ማለት ይከብዳል፣ መደበኛው የቀለም ሥርጭት የመጣው በኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ሰሞን ነውና። በካሜራ የተነሣ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ባለቀለም ፊልም ከዚያ በፊትም ነበር።

ቀን ቆጣሪ

ትክክል። አንድ ልጨምር፦ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካለሽ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ጎራ ይበል። የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ እዚያ ተጠርዞ ተቀምጧል። ቴሌቪዥን የተከፈተበትን የ1957 ጥቅምትና ኅዳር ቢያገላብጥ፣ የስቱዲዮው ፎቶ የዚያ ጊዜ ከሆነ ምናልባት ሥሩ ካለው ጽሑፍ ጋር ይገኛል።

መምህርት ከማራኪ

ወንድሜ እዚያው ነው የሚማረው፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ግድግዳው ላይ ለስቱዲዮው ፎቶ ቦታ ትቻለሁ፤ ሥሩ የሚለጠፈውን ወረቀት ዓመቱ እስኪረጋገጥ በእርሳስ ነው የምጽፈው። ጎንደር ያላችሁ፣ ከቤታችሁ አልበም ወይም ከድሮ ጋዜጣ መሀል የእሳቸው ፎቶ ከተገኘ አምጡልኝ። ስካን አድርጌ ዋናውን በዚያው ቀን እመልሳለሁ።