ክርክር፦ ልጅ በፖለቲካ ሲከር ስልኩ ይቀማ ወይስ ይተውለት?

የ11ኛ ክፍል ልጅ እናት

ሰላም ናችሁ? የደረሰብኝን ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡኝ።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ዝምተኛ፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነበር። ከአምና ጀምሮ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባ። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ላይቭ ያዳምጣል። የትኛው ወገን እንደሆነ አልጽፍም። ከጻፍኩ ግማሻችሁ «ታዲያ ምን አጠፋ?» ትሉኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ እኔን ትሰድቡኛላችሁ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀርቦ ወንድሜ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋለት። ልጁ አፉን አልከፈተም። «ከባንዳ እጅ አልጎርስም» አለ። ወንድሜ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። በጀርባው እያዘለ ያሳደገው አጎቱ እኮ ነው! ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ወጡ በጣቶቹ መሃል አልፎ ወደ ክርኑ ሲወርድ አየሁት።

ስልኩን ቀማሁት። ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። «እሺ» እና «አይ» ከማለት ሌላ አላናገረኝም። ልክ ነኝ?

የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ ልክ ነሽ። እንዲያውም ዘግይተሻል።

እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። ልጁ ኮመንት ይጽፋል ወይስ ያዳምጣል ብቻ? የሚጽፍ ከሆነ የጥላቻ ንግግር አዋጁን አንብቢው፤ ቁጥር 1185/2012። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር አለው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ እስከ 3 ዓመት። «ልጅ ነው» ብለሽ እንዳትጽናኚ። በወንጀል ሕጋችን ለብቻው የሚታየው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ነው። 15 ካለፈ በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቢያቀልለት ነው።

አንቺ ስልኩን ብትወስጂ ያኮርፋል። ሌላ ሰው ቢወስደው ልጁንም አብሮ ይወስደዋል። ኩርፊያው ይሻላል።

ጡረተኛ መምህር

ልጆቼ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በ1969 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 13። ማታ ማታ ወረቀት ይበትናል። እናታችን የዋዛ ሰው አልነበረችም። ለመነችው፣ አለቀሰች፣ በኋላ ጫማውን ደበቀችበት። ባዶ እግሩን አይወጣም ብላ ነው። ሜይ ዴይ፣ የሠራተኞች ቀን፣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 21 ማታ፣ የእኔን ሸራ ጫማ አድርጎ ወጣ። ይጠበዋል፤ ተረከዙን ረግጦት ነው የሄደው። በዚያ ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ የተገደሉት አብዛኞቹ እንደሱ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። የጥይቱን ዋጋ ከፍለው ሬሳ የወሰዱ ቤተሰቦች ነበሩ። እኛ የምንከፍልበት እንኳ አላገኘንም።

እናቴ ጫማ መደበቋ ስህተት ነበር አልልም። እኔም ብሆን እደብቅ ነበር። የማዝነው በኋላ ባደረግነው ነው። ስሙን ዳግም አላነሳንም። ፎቶውን አውርደን ሣጥን ውስጥ ከተትነው። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ለገዛ ልጆቼ አልነገርኳቸውም። ያንን ዘመን የሰሙት ከዩቲዩብ ነው፣ ያውም በአንዱ ወገን ተቀምሞ። የቴሌግራሙ ሰውዬ የገባው እኛ ዝም ባልንበት በር ይመስለኛል።

የ19 ዓመት ተማሪ

እትዬ፣ እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት።

አባቴ ስልኬን ቀምቶኝ ነበር። በጓደኛዬ ስልክ በሁለት ደቂቃ ተመልሼ ገባሁ። ስለዚህ መቀማቱ አይሠራም ባይ ነኝ። ቁጭ አድርጎ ማከራከሩም እኔ ላይ አልሠራም። አባዬ አንድ ሲል እኔ ዐሥር እመልስ ነበር፤ መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚሰጠን።

ያወጣኝ አድሚኑ ራሱ ነው። አንድ ቀን «የዛሬ ጠዋት ጭፍጨፋ» ብሎ ፎቶ ለጠፈ። እያለቀስኩ ሼር አደረግኩት። የክፍላችን ልጅ ፎቶውን ጉግል ላይ ፈልጎ አመጣልኝ። የሌላ አገር ፎቶ ነው፣ የቆየ። ለአድሚኑ «ብሮ፣ ተሳስተሃል» ብዬ ጻፍኩለት። ብሎክ አደረገኝ። 8 ወር ቀን ከሌት አብሬው የነበርኩት ሰውዬ!

ለምን ገባህ ካላችሁኝ፣ ግሩፑ ውስጥ «ጀግናው» ነበር የሚሉኝ። ቤት ውስጥ «ቆሻሻውን ድፋ» ነው።

ስም አልጠቅስም

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁላችሁም ልጁ ታሟል ብላችሁ ነው የተነሳችሁት። ለአጎቱ የተናገረው ነውር ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ግን ምን አስቆጣው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎችም ለስንቱ ወላጅ የጠገቡ ልጆች ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ያኔ ሁሉም ወላጅ ጫማ ቢደብቅ ኖሮስ?

የሦስት ልጆች አባት

ከአዋጁ በኋላስ እነዚያ ልጆች የት ደረሱ? ጋሼን ጠይቃቸው እስቲ።

ስም አልጠቅስም

የጨረሳቸው ደርግ ነው፣ ጥያቄያቸው አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅልብኝ።

ጡረተኛ መምህር

ደርግ ነው፣ እውነትህን ነው። ግን እርስ በርሳቸውም ተባልተዋል፤ ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉት ሁለቱ ፓርቲዎች እኮ በአንድ ወንበር የተማሩ ልጆች ነበሩ። አሰሳ የመጣ ጊዜ የእኛን ቤት በጣቱ ያሳየው የወንድሜ የክፍል ጓደኛ ነው። እቤታችን ስንት ቀን በልቷል። ስለዚህ ልጁ መንግሥትን ቢቃወም፣ ቢጠይቅ፣ እኔን ብዙም አያስፈራኝም። ያስፈራኝ ያ ያልጎረሰው ጉርሻ ነው።

ከቨርጂኒያ

እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት። ባሌ ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ዩቲዩብ ይከፍታል። እስከ እኩለ ሌሊት «እነሱ እንዲህ አሉ፣ እነሱ እንዲህ አደረጉ» ነው። የ14 ዓመት ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው። «ውሃ አቀብይኝ» ማለት ያቅታታል። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የጓደኛዋን እናት «ባንዳ» አለቻት። አጥርታ፣ ከነቃናው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እና እህቴ፣ ሳልጠይቅሽ አላልፍም። በእናንተ ቤት ቃሉን መጀመሪያ ያመጣው ማነው? እውነት ቴሌግራም ነው?

ባለ ሱቋ

ይሄኔ የባሎች ስልክ ነበር መቀማት ያለበት።

የ11ኛ ክፍል ልጅ እናት

የቨርጂኒያዋ እህት ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነቱን ልናገር። ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አምና ጎረቤታችን በቀበሌ ስብሰባ ላይ የተናገረውን ሰምቼ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ «ድሮም ባንዳ!» አልኩ። ልጁ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራውን እየሠራ ነበር። እሱ ሰውዬ አሁንም ጎረቤታችን ነው፣ ለፋሲካ እንኳ አደረሳችሁ ብሎ መጥቶ ነበር። ከልጄ የምለየው እኔ ከኋላው መናገሬ ነው።

ለሦስት ልጆች አባት፣ ስለ ሕጉ አመሰግናለሁ፤ ይህንን አላውቅም ነበር። ገጹን አይቼዋለሁ፣ የሚጽፈው የለም፤ ላይክ ብቻ ነው። ለ19 ዓመቱ ልጄ፣ አባትህ ዕድለኛ ነው።

ትናንት ማታ ስልኩን መለስኩለት። ስለ ጎረቤታችን ያልኩትንም ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ ሰምቼሻለሁ» አለኝ። ስልኩን ወዲያው ከፈተው። ደስ አላለኝም፤ ግን ቁጭ ብዬ አየሁት። አጎቱን ይቅርታ ጠይቅ ብለው «አልጠይቅም» ብሏል፤ እዚያ ላይ ነን።

ሲተኛ የጋሼን የወንድማቸውን ታሪክ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሰማኝ። የተኛ መስሎኝ መብራቱን ላጠፋ ስነሳ፣ «ጫማው ቁጥሩ ስንት ነበር?» አለኝ። እንጃ አልኩት። ጋሼ፣ ካስታወሱት ይንገሩኝ፤ ዛሬም ጠዋት ጠይቆኛል።

ጡረተኛ መምህር

የእኔ 38 ነበር። የእሱ 41።