«ነፍሱን አወጣችሁት» የተባለው ቮልስ

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ መጥቶ ቮልሱን ወደ ኤሌክትሪክ ያስቀየረውን ልጅ «ነፍሱን አወጣችሁት» ብሎ ሲፈርድበት አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ወንድሜ የቱን ነፍስ ነው የምታወራው? የአባቴ 67 ሞዴል ሞተሩ ሦስቴ ወርዷል፣ ፒስተኑ ከሌላ መኪና ነው፣ ካርቡሬተሩ ከፈረሰ ቮልስ ላይ ነው የመጣው። ነፍስ ካለውማ የስንት ሟች ነፍስ ይዞ ነው የሚዞረው 😂

አሮጌው መሪ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ቮልስ መንገድ ማዶ ሳለ ሳታየው በድምፁ ነው የምታውቀው። ያንን ካጠፋህበት የቀረህ ላሜራ ነው፣ ባጃጅ ግዛ።

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ውይ ጋሼ እርስዎ ኖት እንዴ፣ ይቅርታ። ግን ድምፅና ነፍስ መቼ ነው አንድ የሆኑት?

ጋራዥ ዋልኩ፦ ነፍስ ነፍስ ትላላችሁ፣ ቺንጋው፣ ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ሲበጠስስ? ራዲያተር የለውም፣ በፋን አየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ቺንጋው ሲበጠስ ፋኑም ይቆማል፣ ሦስተኛው ሲሊንደር እንደሆነ ድሮም የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልልበት ከሌሎቹ በላይ የሚግል ነው። ስንቱን ጎትቼ አውርጃለሁ።

አሮጌው መሪ፦ ማቀዝቀዣውን በ71 ሞዴል ቦታ ቀይረውለታል እኮ፣ ጋራዥ ውለህ ይሄን አታውቅም?

ጋራዥ ዋልኩ፦ የልጁ አባት መኪና ስንት ሞዴል ነው የተባለው ጋሼ? መልሰው ያንብቡት።

ሜሪ ሲኤምሲ፦ ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍራንክፈርት ላይ ኤሌክትሪክ ያደረገውን ቮልስ አሳይቷል፣ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ አንዴ ተሞልቶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል 🙂

አሮጌው መሪ፦ ክብደቱን ለምን ዘለልሽው? 1,280 ኪሎ ነው። የኛ 800 አካባቢ ነው። እነሱ ፋብሪካ አላቸው፣ እዚህ ባትሪ ከኋላም ከፊትም ጠቅጥቆ በዛ በድሮ ፍሬን ከእንጦጦ የሚወርደውን ማነው የሚያቆምልኝ?

የሽሮሜዳ ልጅ፦ ከነፍስ ወደ ኪሎ ወረድን ማለት ነው።

ሴይቼንቶ ብቻ፦ ታክሲ ሆኖ ይሄን ከተማ የተሸከመው ትንሹ ፊያት፣ ሴይቼንቶ ነው፣ ለሱ ግን ማንም አላለቀሰም።

ጋራዥ ዋልኩ፦ በየዳገቱ ውሃው እየፈላ ጀሪካን የሚያሸክም እሱ አይደል እንዴ? ተሸካሚው ተሳፋሪው ነበር 😂

ሴይቼንቶ ብቻ፦ ጋራዥ አይደለህም አንተ፣ ጎሚስታ ነህ።

ሜሪ ሲኤምሲ፦ እሺ ቀልዱን ተዉትና፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከጥር 2016 ወዲህ ተዘግቷል፣ የቮልስ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ የመጨረሻዋን አውጥቶ ጨርሷል። ታዲያ ግቢ ውስጥ ዝጎ ከሚበሰብስ በመብራት ቢሄድ ማንን ጎዳ?

አሮጌው መሪ፦ ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርስ? ቦሎ ስትሄጂ «ሞተሩ ቤት ነው ያለው» ልትዪ ነው?

ጋራዥ ዋልኩ፦ እሱን ተዉትና የምታወጡትን ሞተር እንዳትጥሉት፣ ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ካልተሰነጠቀ እኔ እገዛለሁ።

አሮጌው መሪ፦ አያችሁት? የነፍስ ደላላ!