ያስሞላሁት መንጋጋ ብርድ አላስችለው አለ፤ ላስነቅል ወይስ ላሳክም?

የመንዟ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው መሐል ሜዳ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን ወርጄ የታች ቀኝ መንጋጋዬን አስሞላሁ። ከዚያ በፊት ምግብ ይገባበት ነበር እንጂ እምብዛም አያመኝም ነበር። ከተሞላ ወዲህ ግን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ጆሮዬ ድረስ ዘልቆ ይወጋኛል። ሐኪሙ «ትንሽ ቆይቶ ይተውሻል» ብሎኝ ነበር። ይኸው ኅዳር ገባ።

የመንዝን የኅዳር ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሰልፍ ላይ ተማሪዎቹን ላስተካክል አፌን ስከፍት ነፋሱ ቀጥ ብሎ እዚያች ጥርስ ላይ ያርፋል። አሁን አሁን አፌን በነጠላ ሸፍኜ ነው የማሰልፈው። ልጆቹ ጉንፋን የያዘኝ ይመስላቸዋል። ቆሎም በግራ በኩል ብቻ ነው የምቆረጥመው።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ሌላ ክሊኒክ ብሄድ ሐኪሙ ብዙም ሳያየኝ «ሩት ካናል ያስፈልግሻል» አለኝ፤ የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት ማለት ነው። የጠራልኝ ዋጋ ደህና የመንዝ ሙክት ይገዛል፣ ያውም ለበዓል የተቀለበ። እናቴ ደግሞ «ነቅለሽ ጣዪው፤ እኔስ በስንት ጥርስ ነው የምበላው?» ትላለች። ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት ያዢበት ብላኝ ድዴ ተላጠ እንጂ ጥርሱ ምንም አልመሰለው። ለሚያንዘረዝር ጥርስ የሚባለውን የጥርስ ሳሙናም እየተጠቀምኩ ነው፤ ለውጡ ይህን ያህል አይደለም። እስኪ ምን ትሉኛላችሁ?

ሾፌሩ ከደብረ ሲና

እህቴ አይዞሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አፍሽን ስትገጥሚ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነካል? የእኔ እንዲያ ነበር። ሙሌቱ ከፍ ብሎ ስለነበር እንጀራ እንኳ ስጎርስ ጭነቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሐኪሙ ባለቀለም ወረቀት አስነከሰኝና ቀለሙ ጠቆር ብሎ ያረፈበትን ቦታ ሞረደልኝ። ማደንዘዣም አላስፈለገው። ሰንበትበት ብሎ ተወኝ። አሁን የጣርማበርን ዋሻ መስኮት ከፍቼ ነው የማልፈው።

ጋሽ ከአንኮበር

ልጄ፣ እኔ ከእናትሽ ጋር ነኝ። የኔን አስነቅዬ ተገላገልኩ። ሩት ካናል የምትሉት መመላለሱ ብቻ ሰው ይጨርሳል። የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ ሲደመር ስንት ነው? እስከዚያው ሲያምሽ አረቄ ያዢበት፣ ያደነዝዘዋል።

ባለሙያው ከሸዋ ሮቢት

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ አረቄውስ ይቅር። ድድ ያቃጥላል እንጂ ነርቩ ጋ አይደርስም።

መምህርት፣ እኔ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ሳላይሽ ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ዋናው ጥያቄ ብርዱ ከሄደ በኋላ ሕመሙ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። ውሃውን ስትውጪው በሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልተበላሸም፤ ሊያገግም ይችላል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከነበረ ማገገሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ነገር ግን ለደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ሙቅ ነገርም የሚያስነሣው ከሆነ፣ ወይም ማንም ሳይነካው ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ነርቩ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሩት ካናል ወይም መንቀል።

ሳሙናው መጥፎ አይደለም። ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ከሆነ በተለይ ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ለተጋለጠ ጥርስ ይረዳል። በቀን 2 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ከቦረሽሽ በኋላ ትፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪ። ከሙሌት ሥር ላለ ቁጣ ግን ብዙም አይፈይድም። አሞክሳሲሊንም እብጠትና ትኩሳት ከሌለ ለዚህ አይሆንም። ይሄን የምለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሱ ስለሆነ ነው።

መንቀል ሲያዩት ርካሽ ነው። ያ ቦታ ባዶ ሲቀር ግን የጎኑ ጥርስ ወደዚያ ያዘነብላል፣ የላይኛውም ይወርዳል። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋም በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ፣ ይፈልጋል። ዋጋ ስትጠይቂ ክራውኑን ጨምረሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው።

የመንዟ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሞከርኩት። አንድ ጉንጭ የቧንቧ ውሃ ይዤ ዋጥኩ። ውሃው ሲወርድ ሕመሙም አብሮ ሄደ። ሌሊት አያስነሣኝም፣ ትኩስ ሻይም ምንም አይለኝም። ሾፌሩ ያልከው ግን ልክ ነው፤ ቀስ ብዬ አፌን ስገጥም ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። ምላሴን ሳስኬድበትም ጫፉ ጎበጥ ይላል። እስካሁን ልብ ብዬው አላውቅም።

ስለዚህ ሩት ካናሉ ለጊዜው ይቆይ። ቅዳሜ ወደ ሞላልኝ ሐኪም ተመልሼ አስሞርደዋለሁ። ጋሼ፣ አረቄውን ለእንግዳ አስቀምጡት።

ባለሙያው ከሸዋ ሮቢት

ጥሩ። ራጅም አስነሺ፤ ከሙሌቱ ሥር ያለው በዓይን አይታይም። ከተሞረደ በኋላ በ2 ወይም 3 ሳምንት ካልቀለለሽ ተመለሺ። ጉንጭሽ ካበጠ፣ ካተኮሰሽ ወይም አፍሽን መክፈት ካቃተሽ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና

የመጀመሪያውን መኪና ያዢ። መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጪ!

ጋሽ ከአንኮበር

እሺ ልጄ፣ ይቅናሽ። አረቄውስ ለእንግዳም አይተርፍ።