ነጭ የምንለውን ባርዛፍ ሰማያዊ የሚሉት ለምንድን ነው?

አጣና ሻጩ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ወገኖች። አጣናና ማገር ነው የምሸጠው። እኛ ጋ ባርዛፍ ሁለት ነው፦ ነጭና ቀይ። ነጩ የደጋው ነው፣ ብርዱን ይችላል። ቀዩ እንደ ሸዋ ሮቢት ያለውን ሞቃት አገር ይወዳል። ሰሞኑን ልጄ ስለ አውስትራሊያ ደን የሚያወራ ቪዲዮ አሳየችኝ። ዛፉ ቁርጥ የእኔው ነጭ ባርዛፍ! ሰውዬው ግን «ብሉ ገም» ይለዋል። ሰማያዊ ሙጫ ማለት ነው አለችኝ። እንዴ፣ ስንት ዓመት ስሸጠው ሰማያዊ አጣና አይቼ አላውቅም! የሚጭኑልኝ ሹፌሮች ደግሞ አንዱ በኦሮምኛ «ባርጋሞ»፣ የመቀሌው ልጅ «ቀላሚጦስ» ይሉታል። የሚያውቅ ያስረዳኝ። ዋጋ የምትጠይቁ በውስጥ መስመር።

ችግኝ ጣቢያ
ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የሚደርሰው ተቆርጦ ስለሆነ ነው። ችግኙን ያየ ሰው ሰማያዊ ቢለው አይፈረድበትም። ለጋው ቅጠል ሰፋ ያለ ነው፣ ግንዱን አቅፎ ይወጣል፣ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ሰም አለው። በጣት ሲጠርጉት ይለቃል። ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ ነው። ሙጫ ያሉት ደግሞ ከግንዱ የሚንጠባጠበውን አይተው ነው። ቀዩን እነሱም ቀይ ይሉታል፣ «የወንዝ ቀይ ሙጫ»። እዚያ ላይ እንኳ ተስማምተናል። በ1788 «ዩካሊፕተስ» የሚለውን ስም ያወጣው ፈረንሳዊ ግን ቅጠሉንም ግንዱንም ትቶ እምቡጡን ነው ያየው። ክዳን አለው አይደል? በግሪክኛ «በደንብ የተሸፈነ» ማለት ነው።

የአሰላ ልጅ
ባርጋሞ ውስጥ ያለው «ገማ» ማዶ ማለት ነው። ባሕር ማዶ እንደማለት። እናንተም እኮ ባሕር ነው የምትሉት፤ «ባርዛፍ» እያላችሁ ስታፈጥኑት ባሕሩ ተዋጠ እንጂ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ስለሆነ ነው። ቀላሚጦስም ያው ዩካሊፕተስ ራሱ ነው፣ አፍ ለአፍ ሲዞር ተጠማዞ።

አጣና ሻጩ
በሉ! መርሐቤቴ ያለችው አያቴም በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ነበር የምትለው። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ጀማን ነው የምታውቀው። እሱም ያው ከማዶ የመጣ ነው ማለት ነው?

ከኢስታንቡል
በቆሎማ ጉዱ ብዙ ነው። መነሻው አሜሪካ ነው፣ ግን ሁሉም ወደ ሌላ ሰው ይገፋዋል። ጣልያኖች «የቱርክ እህል» ይሉታል። ቱርኮቹ ደግሞ «ምስር» ይሉታል፤ ግብፅ ማለት ነው። እዚህ መጥታችሁ ለወጥ ምስር ስጡኝ ብትሉ በቆሎ ይመዘንላችኋል። የእኛን ምስር የፈለገ «መርጂሜክ» ይበል። በጾም ወቅት ይቺን አለማወቅ ያስርባል።

አጣና ሻጩ
መርጂሜክ! ባለቤቴ በሳቅ ሞተች። ችግኝ ጣቢያ፣ ያ ሰማያዊው ስንት ዓመት ይቆያል? ልጄ ፎቶ ላንሳው እያለች ነው።

ችግኝ ጣቢያ
ዛፉ ከፍ ሲል ይጠፋል ጋሼ። ቅጠሉ ይረዝማል፣ ማጭድ ይመስላል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ግን ችግኝ ፍለጋ አይድከሙ። ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውም እንደ ችግኙ ሰማያዊ ነው። አምና ካስቆረጡበት ቦታ ይውሰዷት።